ሆዱ ሞልቶ የሚራብ በሬ፦ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችና የእንስሳት ጤና

(ለፋኩልቲው ማኅበረሰብና ለሕዝብ ክፍት በሆነ የትምህርት መድረክ በቃል የቀረበ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



ባክቴሪያ የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው በሽታ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለን። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ሁሉም የባክቴሪያ ሥራዎች ናቸው። እኛ የእንስሳት ሐኪሞችም የትምህርት ዘመናችንን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍነው እነዚህን ጠላቶች ለይተን በማወቅና በመዋጋት ነው። ይሁን እንጂ ከባክቴሪያ ወገን እንስሳትን የሚያሳምመው እጅግ ጥቂቱ ነው። ከቀሪዎቹ መካከል በእንስሳት አካል ውስጥ የሚኖሩት ብዙዎቹ ጉዳት የላቸውም፤ ከፊሎቹ ደግሞ እንስሳው ያለ እነርሱ ጤነኛ ሆኖ ሊኖር የማይችልባቸው ናቸው። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ስለ መጨረሻዎቹ ነው።

ነገሩን በረቂቁ እንዳንጀምረው በአንድ ጥያቄ ልነሣ። በግንቦት ወር፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው፣ ገበሬው በሬዎቹን ይጠምዳል። በሬዎቹ በጋውን ሙሉ ጭድ ሲበሉ ከርመዋል። ሆዳቸው ባዶ አይደለም፤ እንዲያውም ተወጥሮ ይታያል። ነገር ግን ጎድናቸው ተቆጥሮ ያልቃል፤ ጥቂት ትልም እንደ ሄዱ ይቆማሉ። ሆዱ ሞልቶ ሳለ በሬው ስለ ምን ይራባል? ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ባላት በአገራችን ይህ ጥያቄ የእርሻው ሁሉ ጥያቄ ነው። መልሱም ያለው በበሬው ዘንድ ሳይሆን በሆዱ ውስጥ ከሚኖሩት ጋር ባለው ውል ላይ ነው።

ላሟ ሣር አትበላም ስንል

የሣርና የገለባ ዋና አካል ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ማለት የግሉኮስ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ስታርችም እንዲሁ ከግሉኮስ የተሠራ ነው። ልዩነቱ በማያያዣው ላይ ነው። የስታርችን ማያያዣ እኛም፣ ዶሮም፣ ላምም በገዛ ኢንዛይማችን እንፈታዋለን። የሴሉሎስን ማያያዣ የሚፈታ ኢንዛይም ግን የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት በገዛ አካላቸው አያመርቱም። ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ግመል፣ አህያ፣ ዝሆንም ቢሆን ይህን ሥራ የሚያሠሩት ለሌላ ነው።

የሚያመሰኩ እንስሳት ለዚህ ሥራ የተለየ ቤት አላቸው። በሥጋ ቤት ጨጓራና ሽንፍላ ብለን የምናውቃቸው ክፍሎች የዚህ ቤት ክፍሎች ናቸው። ከሁሉ ትልቁ፣ በሳይንሱ ስም ሩመን የሚባለው፣ በትልቅ የወተት ላም ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ሙቀቱ ከ39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙ አይርቅም፤ አየር የለበትም፤ በየጊዜው ይናጣል፤ ምራቅ ያለማቋረጥ ይፈስበታል። አንዲት ትልቅ የወተት ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች። ምራቁ ባይካርቦኔት የተባለ አሲድን የሚያበርድ ንጥረ ነገር ስለያዘ የሩመኑ ኮምጣጣነት ከልክ እንዳያልፍ ይጠብቃል። ላሟ ጥላ ሥር ተኝታ የምታመሰኳው ለዕረፍት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ገለባውን እያደቀቀች፣ ምራቁንም እያወረደች ለተከራዮቿ ቤታቸውን እያዘጋጀች ነው።

ተከራዮቹ ስንት ናቸው? በአንድ ሚሊ ሊትር የሩመን ፈሳሽ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። በአንዲት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ከምድራችን ሕዝብ ቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ከእነርሱ ጋር ፕሮቶዞአ፣ ሚቴን ጋዝ የሚሠሩት አርኪያ፣ እንዲሁም አየር የማይሹ ፈንገሶች አብረው ይኖራሉ። ለረጅም ዘመን ይህን ዓለም ማጥናት ያስቸገረው ብዙዎቹ ነዋሪዎች አየር ሲነካቸው የሚሞቱ በመሆናቸው ነበር። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሃንጌት አየርን ፈጽሞ አስወግዶ ባክቴሪያዎቹን በላቦራቶሪ የማሳደግ ዘዴ ካበጀ በኋላ በሩ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው መጽሐፍም ለዘርፉ መሠረት ሆነ።

ባክቴሪያዎቹ ሴሉሎሱን ሰብረው ግሉኮሱን ለራሳቸው ይጠቀሙበታል። አየር ስለሌለ ግን እስከ መጨረሻው ሊያቃጥሉት አይችሉም፤ የሥራቸውን ትርፍራፊ ወደ ውጭ ያወጡታል። ይህ ትርፍራፊ አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቢዩቲሪክ የተባሉ አጫጭር አሲዶች ናቸው። ለባክቴሪያው ውዳቂ የሆነው ለላሟ ቀለብ ነው። አሲዶቹ በሩመን ግድግዳ አልፈው ወደ ደም ይገባሉ፤ ላሟ ከምታገኘው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ ከእነርሱ ይመጣል። ፕሮፒዮኒክ አሲድ በጉበት ወደ ስኳርነት ይለወጣል፤ ከአሴቲክ አሲድ ደግሞ የወተቱ ስብ ይሠራል። ስለዚህ ከጭድና ከሣር የወጣው ቅቤ በመካከሉ በባክቴሪያ እጅ ያለፈ ነው።

ውሉ በዚህ አያበቃም። ባክቴሪያዎቹ በሩመን ውስጥ ተባዝተው ከምግቡ ጋር ወደ ታች ሲፈስሱ አራተኛው ክፍል፣ እውነተኛው ጨጓራ፣ ይቀበላቸዋል። በዚያ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚሰብር ላይሶዛይም የተባለ ኢንዛይም ይጠብቃቸዋል። ላሟ ቀላቢዎቿን እነርሱን ራሳቸውን ትፈጫቸዋለች። ከምታገኘው ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1945 በኬሚስትሪ የኖቤል ተሸላሚ የነበረው ፊንላንዳዊው አርቱሪ ቪርታነን ነው። እርሱ ላሞችን ፕሮቲን በሌለው መኖ፣ የናይትሮጅን ምንጫቸው ዩሪያና የአሞንያ ጨው ብቻ እንዲሆን አድርጎ ቀለባቸው። ላሞቹ ወተት ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ታተመ። ላሟ ከዩሪያ ፕሮቲን መሥራት አትችልም፤ ባክቴሪያዎቿ ግን ይችላሉ።

ቫይታሚኖችም እንዲሁ ናቸው። ቫይታሚን ቢ12ን በተፈጥሮ መሥራት የሚችሉት ባክቴሪያና አርኪያ ብቻ ናቸው። ለዚህ ሥራ ኮባልት የተባለው ማዕድን ያስፈልጋቸዋል። በአውስትራሊያ አንዳንድ የባሕር ዳርቻ አካባቢዎች በጎች በለመለመ መስክ ላይ እየዋሉ ይመነምኑና ይሞቱ ነበር። በ1930ዎቹ ምክንያቱ ተገኘ፤ አፈሩ በቂ ኮባልት አልነበረውም። በበጉ ላይ የታየው በሽታ መነሻው ባክቴሪያው መሣሪያ ማጣቱ ነበር።

የበሬው ረኀብ

አሁን ወደ ጥያቄያችን መመለስ እንችላለን። ባክቴሪያዎች ለመባዛት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። መኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከደረቅ ክብደቱ ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ መባዛታቸው ይዳከማል። የእህል ጭድ፣ የስንዴም ሆነ የገብስ፣ የጤፍም ቢሆን፣ በአብዛኛው ከዚህ በታች ነው። ሠራተኛው ሲያንስ ሥራው ይዘገያል፤ ጭዱ ሳይሰበር በሩመን ውስጥ ይቆያል፤ የቆየው ለአዲሱ ቦታ አይለቅም፤ በሬውም ሌላ ሊበላ አይችልም። ሆዱ ሞልቶ የሚራበው በዚህ ምክንያት ነው። የራቡት በመጀመሪያ ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ የበሬው ረኀብ የእነርሱ ረኀብ ውጤት ነው።

ይህን የተረዳ ሰው መፍትሔውን የሚፈልገው በተለየ መንገድ ነው። ለተዳከመ በሬ ተጨማሪ ሸክም ጭድ ማቅረብ ብዙ አይረዳውም። ጥቂት የኑግ ፋጉሎ፣ ወይም ጥቂት የአልፋልፋ ወይም የሌላ አባዝርት ተክል ድርቆሽ ግን ቀድሞ የነበረውን ጭድ ራሱን ያስበላዋል። ምክንያቱም ያ ጥቂት ፕሮቲን የሚሠራው ከበሬው ይልቅ ለባክቴሪያው ነው። ጭድን በዩሪያ የማከም ዘዴም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በ80 ወይም በ100 ሊትር ውኃ ይሟሟል፤ በጭዱ ላይ በእኩል ይረጫል፤ ከዚያም በላስቲክ ታፍኖ ለ3 ሳምንት ያህል ይቆያል። የሚወጣው አሞንያ የጭዱን ጥንካሬ ያላላል፤ ናይትሮጅንም ይጨምርለታል። ከመመገቡ በፊት ገልጦ ማናፈስ ይገባል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግዴታዬ ነው። ያው ዩሪያ በብዛትና በአንድ ጊዜ ከተበላ ይገድላል። ባክቴሪያዎቹ ወደ አሞንያ የሚለውጡት ከሚጠቀሙበት ፍጥነት በላይ ስለሚሆን ትርፉ ወደ ደም ይገባል፤ ከብቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የማዳበሪያ ጆንያ ከብት በሚደርስበት ቦታ መቀመጥ የለበትም። ገና በወተት ላይ ላሉ ጥጆች፣ ለፈረስና ለአህያም በዩሪያ የታከመ ጭድ አይሰጥም።

የበዓል ሰንጋ ለምን ይሞታል?

በሬ በማጣት ብቻ አይጎዳም፤ በድንገት በሚመጣ ጥጋብም ይጎዳል። በዓል ሲቃረብ ቶሎ እንዲሰባ ተብሎ ጭድ ብቻ የለመደ ሰንጋ በአንድ ቀን ወደ እህል፣ ወደ ዱቄት፣ ወደ ሊጥ ሲዛወር የሚሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ማታ በደንብ የበላው በሬ በማግስቱ አይነሣም። ባለቤቱ ቡዳ በልቶት እንደሆነ፣ ጠላት መርዝ ሰጥቶት እንደሆነ ይጠይቃል። ያ ሰንጋ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ተስፋ ሊሆን ስለሚችል የሆነውን በዝርዝር ማወቅ ይገባናል።

በሩመን ውስጥ ስታርችን የሚወድድ ስትሬፕቶኮከስ ቦቪስ የተባለ ባክቴሪያ አለ። በጤናው ጊዜ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ማንንም አያስቸግርም። እህል በብዛት ሲገባለት ግን በአጭር ጊዜ እጥፍ ድርብ እየሆነ ይባዛል፤ ላክቲክ አሲድም ያመርታል። ይህ አሲድ ቀደም ሲል ከጠቀስኳቸው እጅግ የበረታ ነው። ላክቲክ አሲድን የሚበሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን እነርሱ ቀስ ብለው ስለሚበዙ አይደርሱበትም። ኮምጣጣነቱ እየጨመረ ሲሄድ ሴሉሎስን የሚሰብሩት ይሞታሉ፤ ፕሮቶዞአዎቹም ያልቃሉ፤ በመጨረሻ አሲድን የሚችሉት ላክቶባሲለስ የተባሉት ቤቱን ይወርሱታል። አሲዱ የሩመንን ግድግዳ ይልጣል። ውኃ ከደም ወደ ሩመን ይሳባል፤ የበሬው ዐይን ይሰረጉዳል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከሞት የተረፈውም ቢሆን በተላጠው ግድግዳ በኩል ባክቴሪያ ወደ ጉበቱ ሊገባና መግል ሊቋጥርበት፣ ወይም ሰኮናው ሊታመምበት ይችላል።

እንግዲህ በሬውን የገደለው እህሉ አይደለም፤ ጥድፊያው ነው። ያው እህል በ3 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ ድርቆሽ ወይም ጭድ ሳይቋረጥበት ቢሰጠው ኖሮ ላክቲክ አሲድ በላዮቹ ለመብዛት ጊዜ ያገኙ ነበር። መኖ መቀየር ማለት በሆድ ውስጥ ያለውን ማኅበር መቀየር ነው፤ ማኅበር ደግሞ በአንድ ሌሊት አይለወጥም።

እርሾው ከየት ይመጣል?

ጥጃ ሲወለድ ሩመኑ ትንሽና ሥራ ፈት ነው። ሲጠባ ወተቱ ወደ ሩመን እንዳይገባ በጉሮሮው ጫፍ ያለ ቦይ ታጥፎ ቀጥታ ወደ እውነተኛው ጨጓራ ያሳልፈዋል። የመጀመሪያ መከላከያውን የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው፤ በእንገር ውስጥ ያሉት የበሽታ መከላከያ ፕሮቲኖች በአንጀቱ የሚያልፉት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢበዛ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ባክቴሪያዎቹን ግን የሚያገኘው ከዙሪያው ሁሉ ነው። እናቱ ስትልሰው፣ ጡቷን ሲጠባ፣ የበላችበትን ሣር ሲነካ፣ እርሾው ይሸጋገርለታል። ልክ እናቶቻችን ከቀደመው ቡኮ ያስቀሩትን እርሾ ለአዲሱ ሊጥ እንደሚጨምሩት ማለት ነው። ፕሮቶዞአዎች ደግሞ ይበልጥ የእናት ቅርበት ይሻሉ፤ ከትልልቅ ከብቶች ፈጽሞ ተለይቶ ያደገ ጥጃ ፕሮቶዞአ አይኖረውም።

ከዚያ በኋላ ጥጃው ድርቆሽና ጥቂት መኖ መቅመስ ሲጀምር ባክቴሪያዎቹ የሚያወጡት ቢዩቲሪክ አሲድ የሩመኑን ግድግዳ እንዲያድግ ያነሣሣዋል። ቤቱን የሚሠሩት ተከራዮቹ ናቸው ማለት ይቻላል። ወተት ብቻ እየጠጣ የቆየ ጥጃ ሩመኑ ሳያድግ ይቀራል።

የእነዚህ ነዋሪዎች ጥቅም ምግብን በማዘጋጀት ብቻ አይወሰንም፤ ጥበቃም ያደርጋሉ። ይህን ለማሳየት ከከብት ወደ ዶሮ ልሻገር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊንላንድ በዶሮ እርባታዎች ሳልሞኔላ ተስፋፍቶ ነበር። ኤስኮ ኑርሚና ማርያታ ራንታላ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በመፈልፈያ ማሽን የሚወጣ ጫጩት እናት የለውም። አንጀቱ ባዶ ቤት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ይገባበታል። ስለዚህ ከጤነኛ ትልልቅ ዶሮዎች አንጀት የተወሰደ ይዘት ለጫጩቶቹ ሰጧቸው። ጫጩቶቹ ሳልሞኔላን በእጅጉ ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ይህ ሥራ የአሠራር ስልት ወለደ። ቀድመው የሰፈሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚጣበቁበትን ቦታ ይይዙበታል፤ ምግቡን ይሻሙታል፤ ሳልሞኔላ የማይወዳቸውን አሲዶች ያመነጫሉ። በገጠር ጫጩቶች እናታቸውን ተከትለው ሲጭሩ ይህን በተፈጥሮ ያገኛሉ። ሆኖም ትልልቅ ዶሮዎች በሽታም ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ በእርባታ ድርጅት የሚሰጠው ተመርምሮ የተዘጋጀ እንጂ እንዲሁ የተሰበሰበ ኩስ መሆን የለበትም።

ያለ ምንም ጀርም በተዘጋ ክፍል ያደጉ የላቦራቶሪ አይጦችም ሌላ ነገር አስተምረውናል። መኖር ይችላሉ፤ ነገር ግን ብዙ መኖ ይፈጃሉ፣ ቫይታሚን ኬ ከውጭ ሊሰጣቸው ይገባል፣ በአንጀታቸው ዙሪያ ያለው በሽታ የመከላከል ሥርዓትም በደንብ ሳይጎለብት ይቀራል። የሰውነት ወታደሮች ወዳጅና ጠላት መለየትን የሚማሩት ከወዳጆቹ ጋር እየኖሩ ነው።

ባዶ ወንበር

ይህን ሁሉ የሰማ ተማሪ፣ “እንግዲያውስ መልካሙን ባክቴሪያ ገዝተን ለእያንዳንዱ ከብት እናጠጣው” ሊል ይችላል። ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ላቅርብ።

የመጀመሪያው ስለ ሉኬና ነው። ይህ በእኛም አገር ለመኖ የሚተከል፣ በፕሮቲን የበለጸገ ዛፍ ነው። ሚሞሲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ግን አለበት፤ በሩመን ውስጥ ተለውጦ እንቅርት የሚያስወጣ ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል። በአውስትራሊያ ሉኬና በብዛት የበሉ ከብቶች ጠጉራቸው ይረግፍ፣ ክብደታቸውም ይቀንስ ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለው ተመራማሪ በሃዋይ ፍየሎች ያንኑ ዛፍ ያለ ችግር እንደሚበሉ አስተዋለ። ልዩነቱ በፍየሎቹ ሳይሆን በሩመን ባክቴሪያዎቻቸው ላይ ሊሆን እንደሚችል ገመተ። በ1980ዎቹ ባክቴሪያዎቹ ወደ አውስትራሊያ ተወስደው ለከብቶች ሲሰጡ መርዙ ጉዳት ማድረሱን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባክቴሪያው ሲነርጂስቴስ ጆንሲ ተብሎ በተመራማሪው ስም ተሰየመ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የታተመ ሙከራ ነው። ፖል ዋይመርና ባልደረቦቹ የላሞችን የሩመን ይዘት ሙሉ በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ አለዋወጡ። በሳምንታት ውስጥ የእያንዳንዷ ላም የባክቴሪያ ማኅበር ከመለዋወጡ በፊት ወደ ነበረው መልክ መመለስ ያዘ።

በአንደኛው አንድ ባክቴሪያ ገብቶ ተተከለ፤ በሌላው ሙሉ ማኅበር ገብቶ አልጸናም። ለምን? እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። በአውስትራሊያ ከብቶች ሆድ ውስጥ ማንም የማይሠራው ሥራ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነበር። የሉኬናን መርዝ የሚበላ ሲመጣ ወንበሩን ያዘ፤ ሉኬና እስከ ተበላ ድረስም ይዞት ኖረ። በጤነኞቹ ላሞች ሆድ ግን ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። የጫጩቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጥቅሙ የታየው ባዶ አንጀት ስለነበረው ነው።

መድኃኒትና ማኅበሩ

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የብዙ እንስሳትንና የብዙ ሰዎችን ሕይወት አድነዋል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ወዳጅና ጠላት አይለዩም። ለሚያመሰኳ ትልቅ ከብት በአፍ የሚሰጥ እንደ ቴትራሳይክሊን ያለ መድኃኒት በቅድሚያ የሚያገኘው የሩመኑን ማኅበር ነው። ከብቱ መኖ ይጠላል፣ ማመስኳት ያቆማል፣ ወተቱ ይቀንሳል፤ ባለቤቱም በሽታው የባሰ መስሎት ሌላ መድኃኒት ይገዛል። ከገበያ በግምት የተገዛ፣ በግምት የተሰጠ መድኃኒት የሚያመጣው ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ከአንድ በረት ያልፋል፤ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች ከእንስሳት ወደ ሰው ይሸጋገራሉ። የአውሮፓ ኅብረት እንስሳትን ለማፋፋት ሲባል ፀረ ባክቴሪያ በመኖ መጨመርን እ.ኤ.አ. ከ2006 መጀመሪያ አንሥቶ ያገደው በዚህ ስጋት ነው።

ተማሪዎቼ ወደ መስክ ስትወጡ ይህን ልማድ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ለከብቱ መርፌ ከማንሣታችሁ በፊት፣ “ምን በላ? መኖው መቼ ተቀየረ? ያመሰኳል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ጆሯችሁን በግራ ጎኑ ላይ አድርጉ። ጤነኛ ሩመን በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲናጥ ይሰማል። ጸጥ ካለ ማኅበሩ ተቸግሯል ማለት ነውና ሕክምናችሁ ከዚያ ይጀምር። 

ከጥያቄዎቹ መካከል

አንዲት የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦ ዶክተር፣ በከረጢት ታሽገው የሚሸጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ዋጋ አላቸው ይላሉ?

መልስ፦ አንዳንዶቹ አላቸው። ለምሳሌ እርሾ በብዙ እህል ለሚቀለቡ የወተት ላሞች መጠነኛ ጥቅም እንደሚሰጥ ተደጋግሞ ታይቷል። ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በከረጢቱ ውስጥ ያለው እስከ በረታችሁ ድረስ በሕይወት ደርሷል? ምን ሥራ ይሠራል? ያንን ሥራ የሚሠራ በከብቱ ሆድ ውስጥ የለም ወይ? ጭድ ብቻ ለሚበላ በሬ ግን ገንዘባችሁን በፋጉሎ ላይ ብታውሉት ይሻላል፤ ባክቴሪያዎቹ አሉት፣ ያጣው ቀለባቸውን ነው።

ከብት የሚያደልቡ አንድ እንግዳ፦ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን። መኖ ለጠላ በሬ ከጤነኛ በሬ አፍ ያመሰኳውን አውጥቶ ማጉረስ ይረዳል ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው ወይስ ተረት?

መልስ፦ አባቴ፣ እውነትነት አለው። በእንስሳት ሕክምና ማዕከላትም ከጤነኛ ከብት የተወሰደ የሩመን ፈሳሽ ተጣርቶ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በብዙ ሊትር መጠን በቱቦ ለታመመው ይሰጣል። በተለይ ብዙ ቀን መኖ ለከለከለ ወይም ከእህል ጥጋብ ለዳነ ከብት ይጠቅማል፤ ያኔ ወንበሮቹ ባዶ ናቸውና። ጥንቃቄው ሰጪው ከብት ጤነኛ መሆኑ በሐኪም መረጋገጡ ላይ ነው፤ እርሾው ሲሸጋገር በሽታውም አብሮ እንዳይሸጋገር። ደግሞም ፈሳሹን ተቀብሎ ሲያገግም ጥቂት ጥሩ ድርቆሽ ያቅርቡለት፤ አዲሶቹ ነዋሪዎች የሚበሉት ካላገኙ አይሰነብቱም።